ፓርኪንግ ላይ የዋልኩበት ቀን

የሕይወቴ ትልቁ ነገር የተወሰነው በማላውቀው ሰው መኪና ውስጥ፣ መሪ ጨብጬ፣ አንድ ስንዝር ሳልንቀሳቀስ ነው። መንዳት አልችልም ነበር። የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከወልድያ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት ስሠራ ቆይቼ፣ ሰይድና አበባው ከሚባሉ ሁለት አብሮ አደጎቼ ጋር ጅቡቲ ገባሁ። ጅቡቲ ለእኛ መሻገሪያ ነበረች እንጂ የምንኖርባት አገር አልነበረችም። ሐሳባችን ኦቦክ የምትባለው ወደብ ደርሰን፣ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረን፣ ከዚያ ሳውዲ መግባት ነው። ሁለት ወር ተኩል ከጅቡቲ ከተማ ዳር ባለችው ባልባላ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል እያደርን፣ ቀን ቀን ሩዝና ሲሚንቶ እያወረድን ለደላላው የሚሆነውን አጠራቀምን። የጎደለውን ለመሙላት እኔ ስልኬን ሸጥኩ። ሦስታችንም በሰይድ ስልክ ቀረን።

በመጨረሻ ደላላው ቀን ቆረጠልን። ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ባልባላ ካለ አንድ ጋራዥ ጀርባ።

"የጭነት መኪናው ሰው አይጠብቅም" አለን። "አሥር ሰዓት ማለት አሥር ሰዓት ነው።"

ማክሰኞ ጠዋት እኔ ለመንገድ የሚሆን ተምርና ብስኩት እንድገዛ ተልኬ በሚኒባስ ወደ መሃል ከተማ ወረድኩ። ገዝቼ፣ ፌስታሌን አንጠልጥዬ፣ የድሮዎቹን ነጫጭ ሕንፃዎች ጥላ ጥላ እየተጠጋሁ ስመለስ አንድ ሰው፣ "አንተ ልጅ፣ ሐበሻ ነህ አይደል?" ሲል ሰማሁ።

በሰው አገር በአማርኛ ተጠርቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ዞርኩ። ሰውዬው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ ኮት የለበሱ ናቸው። ብብታቸው ሥር ወፍራም የወረቀት አቃፊ ይዘው አንዲት ያረጀች ነጭ መኪና አጠገብ ቆመዋል።

"ወርቁ እባላለሁ" አሉኝ። "ጋሽ ወርቁ ይሉኛል። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔ እዚሁ ነው ተወልጄ ያደግሁት። አሥር ደቂቃ ብቻ እዚህ መኪና ውስጥ ቁጭ ትልልኛለህ?"

"ለምን አባባ?"

"መንገድ ዳር መኪና ማቆም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሰዓት ያስከፍላል። እኔን ደግሞ በገዛ ሱቄ በር ላይ አቆምክ ብለው ቀጡኝ። አቤቱታ ላስገባ ነው የመጣሁት።" በእጃቸው ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ አሳዩኝ። የማቆሚያውን ክፍያ የሚሰበስበው ቢሮ እሱው ነበር። "እንግዲህ ስለ ክፍያው ልከሳቸው መጥቼ በራቸው ላይ ከፍዬ ልቁም? እስቲ ይታይህ።"

እውነትም ታየኝ።

"ሰው ያለበት መኪና ደግሞ ቆመ አይባልም" አሉ ጣታቸውን አንስተው። "ጠበቀ ነው የሚባለው። ማንም መጥቶ ቢጠይቅህ ይህን አስረዳ።"

ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠው መንገዱን ተሻገሩ። ሰዓቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው።

ሹፌር ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። መሪውን ጨበጥኩ፣ በመስታወቱ ፊቴን አየሁ፣ የማውቀው ሰው ባለፈና ባየኝ ብዬ ተመኘሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ወንበሩ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። የሚወርደው መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ግማሽ ድረስ። ፌስታል ውስጥ ያለው ተምር መቅለጥ ጀመረ።

አምስት ሰዓት ሲሆን በመስኮቱ ትልቅ ጥላ ወደቀብኝ። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ግዙፍ ሴት ናት። ረጅም ቀሚሷ ላይ ቢጫ ሰደርያ ደርባለች፤ አንገቷ ላይ ደረሰኝ የምታወጣ ትንሽ መሣሪያ ተንጠልጥላለች። በፈረንሳይኛ አናገረችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። በሶማልኛ ሞከረች። አሁንም ነቀነቅሁ።

"ሐበሻ?" አለችኝ።

"አዎ።"

ከዚያ ያደረገችውን መቼም አልረሳውም። ፊቷን ከእኔ አዙራ ወደ ሩቅ ተመለከተች። በረጅሙ ተነፈሰች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረችና በጠራ አማርኛ እንዲህ አለችኝ።

"ይህን ያህል ጊዜ ስታታልለኝ ኖረሃል። ከእንግዲህ በመካከላችን የነበረው ነገር ሁሉ አብቅቷል። ወይ ክፈል፣ ወይ ከሕይወቴ ውጣ።"

ደነገጥኩ። "እናቴ፣ ከሌላ ሰው ጋር አሳስተሽኝ ነው። አንተዋወቅም" አልኳት።

"ሁላችሁም መጨረሻ ላይ እንዲህ ነው የምትሉት" አለች።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሴትየዋ ቃድራ ትባላለች፤ አማርኛ የተማረችው ወደ አማርኛ ከተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ነው። ማታ ማታ ጎረቤቷ ካለች ሐበሻ ቤት ቁጭ ብላ ዓመታት አይታለች። ስለዚህ ዳቦ በአማርኛ መግዛት አትችልም፤ አንድን ልጅ ከውርስ መንቀል ግን ትችላለች። ሰላምታው ይጠፋባታል፤ ክህደትን በተመለከተ የሚጎድላት ቃል የለም።

ጋሽ ወርቁ ያሉኝን አስታወስኩ። "ይኼ መኪና አልቆመም" አልኳት። "ሰው ስላለበት ጠበቀ ነው የሚባለው።"

ጎንበስ ብላ ጎማውን አየች። "ይዞራል?"

"አይዞርም።"

"ሞተሩ ይሠራል?"

"እሱም አይሠራም።"

"እንግዲያው ሞቷል" አለች በሐዘን። "ስለሞተ ነገር ለምን ትዋሸኛለህ?"

እውነቱን ነገርኳት፤ መኪናው የእኔ አይደለም፣ ሽማግሌው ለአሥር ደቂቃ ብለው ገብተው አንድ ሰዓት ሆናቸው። ላቤን አየችው። "አንድ ዙር እሄዳለሁ። ስመለስ ዓይንህን እንዳላየው" ብላ ሄደች። ስትመለስ ዓይኔ እዚያው ነበር። በሁለተኛው ዙር አይታኝ አለፈች። በሦስተኛው ቀዝቃዛ ውኃ በላስቲክ ይዛ መጣች። "ጠላቴ ብትሆንም ጠጣ" አለችኝ።

ለምን ጥለህ አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። አስቤው ነበር። ቁልፉን እዚያው ትቼ ብሄድ መኪናውን ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ ይዤ ብሄድ እኔ ሰረቅሁ ማለት ነው። ደግሞ ገና ጊዜ ነበረኝ። ባልባላ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቢሮው ለምሳ ተዘጋ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ቆጠርኳቸው፤ ጋሽ ወርቁ የሉበትም። ዘበኛው በሩን ቆለፈ። ቃድራ ሄዳ ጠየቀችልኝና ተመለሰች። "ውስጥ ማንም የለም አለ። አሥር ሰዓት ላይ ይከፈታል።"

"የት ሄደው ነው ታዲያ?"

"ትቶህ ሄዷል" አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ እንደ ርካታ ያለ ነገር ነበር። ድራማው ላይ ሁሌም ትቶ የሚሄድ ሰው አለ።

ሰባት ሰዓት ላይ የዕለቱ ጫት ገባና ከተማው ባንዴ ጸጥ አለ። ሱቆቹ ተዘጉ፣ ታክሲዎቹ ጠፉ። የቃድራ ቤት አምቡሊ ነው፤ ደርሳ መመለስ አይመቻትም። የኋላውን በር ከፍታ ገባችና መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ዘመመች። ጫማዋን አወለቀች፣ መሣሪያዋን ከጎኗ አስቀመጠች፣ ከዘንቢሏ ሳንቡሳ አወጣች። ሁለቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ካልተከፈለበት መኪና ውስጥ አስከፋይዋ ምሳዋን በላች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኳን ለምኜ ሰይድ ጋ ደወልኩ። ሰይድ በስልክ ሲያወራ ይጮሃል፤ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

"የት ነው ያለኸው አንተ? ደላላው መጥቶ ሰው እየቆጠረ ነው። ማታ ኦቦክ ካልደረስን ጀልባዋ ታመልጠናለች።"

"እመጣለሁ። አንድ ሰው መኪና አስይዘውኝ ነው።"

"የምን መኪና? መንዳት አትችልም እኮ።"

"እየነዳሁ አይደለም። ተቀምጬ ነው።"

"ይመር፣ ደህና ነህ ግን?" አለኝ። ከዚያ ሒሳቡ አለቀ።

ስልኩን ስመልስላት ቃድራ መብላቷን አቁማለች። "ኦቦክ?" አለች።

"አዎ።"

"ባሕር?"

"አዎ።"

የሳንቡሳውን ወረቀት አጣጠፈችው። እንደገና አጣጠፈችው። "የባሌ አገር ኦቦክ ነው" አለች። "ባሕሩ ሰው ይመልሳል፣ የሞተ። እኔ... ሴቶቹን አጥቤያለሁ። ሦስት ጊዜ።"

ይህ ከድራማ የተማረችው አልነበረም። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች ነበር ያወጣቻቸው።

"ከፍዬአለሁ እናቴ" አልኳት። "ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው። ቁልፉን አንቺ ያዥልኝ፤ ሽማግሌው ሲመጡ ስጪልኝ።"

ቁልፉን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። እጇን ጠራርጋ፣ ጫማዋን አድርጋ ወረደችና ማዕዘኑን ዞራ ጠፋች። ለሶላት ሄደች ብዬ ጠበቅኋት፤ ሳልሰናበታት መሄድ ከበደኝ። ስትመለስ በሁለት እጇ የተሸከመችው ትልቅ ቢጫ ብረት ነበር። ሳይከፍል የቆየ መኪና ጎማ የሚታሰርበት ነው፤ እዚያ ሳቦ ይሉታል። ተንበርክካ በፊተኛው ጎማ ላይ ገጠመችና ቆለፈችው።

"መኪናው ታስሯል" አለችኝ።

"ይሁን፣ የእኔ አይደለም። እኔ ልሂድ።"

"አትችልም። መኪና ሲታሰር ውስጡ የተገኘ ሰውም አብሮ ይታሰራል። ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ። ሕግ ነው።"

"በሩ ክፍት ነው እኮ።"

"በሩ ክፍት ነው" አለች። "ሕጉ ግን ዝግ ነው።"

ከመሣሪያዋ ረዘም ያለ ወረቀት ቀድዳ አወጣችና በመስኮቱ ሰጠችኝ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። ጣቷን ከታች ያለው መስመር ላይ አድርጋ፣ "እዚህ ጋ ነው የሚለው" አለች። መስመሩን ትክ ብዬ አየሁት። አንድ ቃል አላወቅሁም፤ ግን ታትሟል። ከወፍጮ ቤት እስከ ጅቡቲ ድረስ ወረቀት ላይ ከታተመ ነገር ጋር ተከራክሬ አላውቅም።

ተቀመጥኩ።

ቃድራ ያን ቀን ሌላ መኪና አላስከፈለችም። የፊተኛው መከላከያ ላይ ተደግፋ ቆመች። መንገድ ማዶ የምትቸረችር አንዲት ጫት ሻጭ መጥታ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ቃድራ በሶማልኛ ነገረቻት፤ ሴትየዋ በመስኮቱ አይታኝ ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ትንሽ ቆይታ ለቃድራ ወንበር ይዛላት መጣች። ቃድራ እንደ እስር ቤት ጠባቂ በመኪናው በር ላይ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። አንድ ሁለቴ የበሩን መክፈቻ ያዝኩና ለቀቅሁት። ቃድራ ዞራ አላየችኝም።

አሥር ሰዓት መሆኑን ያወቅሁት የቢሮው በር ሲከፈት ነው። ዘበኛው ቁልፉን ገና ከማዞሩ ከውስጥ አንድ ሰው ወጣ። ጋሽ ወርቁ ናቸው። ኮታቸው ተጨማዷል፤ የአቃፊው ጠርዝ ጉንጫቸው ላይ መስመር ሠርቷል። ተራ ሲጠብቁ ከአንድ ዓምድ ጀርባ ካለ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው ተቆልፎባቸዋል።

"አርባ ዓመት ሙሉ ማቀዝቀዣ ስጠግን" አሉ እያዛጉ፣ "እንደዚህ ቢሮ አሳምሮ የሚያቀዘቅዝ አላጋጠመኝም። መቼም አሥር ደቂቃ ብዙም አላለፈኝም አይደል?"

ከዚያ ሳቦውን አዩ። ድንገት የሃያ ዓመት ወጣት ሆኑ። ከቃድራ ጋር በፈረንሳይኛ ጀመሩ፣ በሶማልኛ ቀጠሉ፣ ጋሽ ወርቁ "ጠበቀ ነው የሚባለው" የሚለውን በአማርኛ ደገሙት፣ ቃድራም "ልቤን ሰብረህ ደግሞ ትጮህብኛለህ?" ብላ በአማርኛ መለሰች። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ የጭነት መኪናው ከጋራዡ ጀርባ ሲነሳ ይታየኝ ነበር። ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ግንባሬ ያረፈው ጥሩንባው ላይ ነበር። ያ አሮጌ መኪና መስኮቱ እንኳ በቅጡ ሳይወርድ ጥሩንባው ግን ይሠራል። መንገዱን ሙሉ አስተጋባ። ሁለቱም ክርክራቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ።

ቃድራ በዝግታ፣ በሶማልኛ ነገረቻቸው። ጋሽ ወርቁ ሰምተው ሲጨርሱ ዞረው በጎኔ ገቡና ተቀመጡ።

"ስንት ሰዓት ነበር መኪናው?"

"አሥር።"

"አሁን ብንበር እንደርስ ይሆን?" አሉ። ከልባቸው ነበር። እኔን በድለውኛልና ሊያደርሱኝ ነው የፈለጉት። ሰይድ ጋ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግመን ደወልን። ዝግ ነው።

ቃድራ የጭነት መኪናው በእርግጥ እስኪርቅ ድረስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ቁልፏን አውጥታ ሳቦውን ፈታችው።

"ቅጣቱስ?" አሏት ጋሽ ወርቁ።

"ሰው ያለበት መኪና ቆመ አይባልም" አለች። "ሂዱ።"

ያን ቀን ጋሽ ወርቁ ቤታቸው ወሰዱኝ። ሚስታቸው እትዬ አልማዝ አልጋ ዘረጉልኝ፤ ባላቸውን ግን ሦስት ቀን አላናገሯቸውም። በሁለተኛው ቀን ሱቃቸው ገብቼ አንድ አሮጌ ማቀዝቀዣ ሲፈቱ ያዝኩላቸው። ጅቡቲ የማቀዝቀዣ ጥገና ሥራ የሚጠፋበት አገር አይደለም። ዛሬ ሱቁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። መንዳትም ተምሬአለሁ። ስቆም እከፍላለሁ፤ ጋሽ ወርቁ አብረውኝ ካሉ ግን እሳቸውን ውስጥ አስቀምጬ እወርዳለሁ፤ ደስ ይላቸዋል።

ያችን ወረቀት ደብተር ውስጥ አስቀምጫት ነበር። ዓመት ከምናምን በኋላ፣ ለሥራ ያህል ፈረንሳይኛ ማንበብ ስጀምር አወጣኋት። ቃድራ ጣቷን ያሳረፈችበት የመጨረሻው መስመር "እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን" ይላል። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ እሷ ወደምትሠራበት መንገድ ሄድኩና፣ "ሕጉ የታለ?" አልኳት።

ፊቷን አዞረች። ወደ ሩቅ ተመለከተች። በረጅሙ ተነፈሰች።

"ላጣህ ስላልፈለግሁ ነው" አለችኝ።

ከየትኛው ድራማ እንደወሰደችው አላውቅም። አቅፌያት ተመለስኩ።

አሁን እናንተን የምጠይቀው አለኝ። ያን ቀን በእርግጥ አምኛት ነበር? በሩ ክፍት ነበር። ሴትየዋ ብትሮጥም አትደርስብኝም። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ሰው ጎማ ስለታሰረ እኔም ታስሬአለሁ ብሎ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል? ለጋሽ ወርቁ "አምኜ ነው" እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ጥቁር ውኃ ነበር የማየው። ለሰይድና ለአበባው አልነገርኳቸውም፤ እነሱም ምን እንደሚያዩ አልነገሩኝም። "አትሂድ" ያለኝ ሰው ብዙ ነበር፤ እናቴም ብላኛለች፤ ለሁሉም እምቢ ብዬአለሁ። "አትችልም" ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ቃድራ ስትለኝ ላቤ ደረቀ። ወረቀቱን እንኳ አንብቢልኝ አላልኳትም።

ፈሪ ነበርክ ብትሉኝ አልከራከርም። ጀልባዋ ሰጠመች ብዬም አልጨርስላችሁም፤ አልሰጠመችም። ሰይድ ዛሬ ጅዳ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሲደውል ይሰድበኝ ነበር፤ አሁን ልጆቹን በስልክ ያሳየኛል፤ "አጎት ፓርኪንግ" ብለው ነው የሚጠሩኝ። ከእኔ የተሻለ ቤት አለው። ስለዚህ መቅረቴ ብልህነት ነበር ብዬ ማንንም መምከር አልችልም።

አበባው ግን የመን ላይ ከሰይድ ጋር ተለያየ። ድንበር ሊሻገሩ ሲሉ ሁለት መኪና ላይ ከፋፈሏቸው፤ የአበባው መኪና የት እንደገባ ያወቀ የለም። እናቱ አገር ቤት ናት። ሰይድ ቁጥሩን ስለሚቀያይር በእጇ ያለው የእኔ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ትደውልልኛለች። ሥራ ላይ ብሆንም፣ እየነዳሁም ቢሆን ዳር ይዤ አነሳላታለሁ።

"ልጄ፣ የሰማኸው ነገር አለ?" ትለኛለች።

"እስካሁን የለም እማማ" እላታለሁ።

ከዚያ ምሳ በልቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ባልበላም በልቻለሁ እላታለሁ።